ረጅም የሆላንድኛ ቃል ከመገጣጠሚያው ይቆረጣል

«አርቤይትስኦንኸስኺክትሄይትስቨርዜከሪንግ»። በላቲን ሲጻፍ 33 ፊደላት አሉት፤ በመካከላቸው አንድም ክፍት ቦታ የለም። ኔዘርላንድስ ውስጥ የግል ሥራ ከፍቶ የመድን ውል የጠየቀ ሰው ይህን ቃል ማግኘቱ አይቀርም፤ ከአገሬው ሰው ግን እንደ ብርቅ የሚያየው የለም። የቤት ኪራይ ድጎማ፣ የሕፃናት መዋያ ክፍያ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የግብር ውሳኔ፣ ሁሉም የሚጻፉት እንዲህ በተያያዙ ቃላት ነው። ከግብር መሥሪያ ቤቱ የሚመጣውን ሰማያዊ ፖስታ ከፍቶ የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚደናቀፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቃሉን ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም። ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ የት እንደሚለያዩ ነው የጠፋው።

ረጅም ቃል የሚቆረጠው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በድምፅ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚወጣውን ቁራጭ፣ ክፍለ ቃሉን፣ መለየት። ሁለተኛው በትርጉም ነው፤ ቃሉ ከየትኞቹ ቃላት እንደተገጣጠመ ማየት። ትምህርት ቤቶች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት በመጀመሪያው ነው፤ እያጨበጨቡ «ዚ-ከን-ሃውስ» ማስባል። ቋንቋውን ከእናቱ ጋር ለተማረ ሕፃን መልካም ነው፤ ትርጉሙ ቀድሞ ጆሮው ውስጥ አለና። ባደገ ሰው አእምሮ ሆላንድኛን ለሚጀምር ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት እላለሁ። መጀመሪያ መገጣጠሚያውን ይፈልጉ፤ የድምፁ ነገር ለማንበብና ፊደል ሳይገድፉ ለመጻፍ በኋላ ይመጣል። ዶሮ የሚያወጣ ሰው አጥንት አይሰብርም፤ ቢላዋውን የሚያስገባው ከመገጣጠሚያው ላይ ነው።

ከመጀመራችን በፊት ስለ አጻጻፌ ጥቂት ልበል። የሆላንድኛውን ቃል በድምፁ በእኛ ፊደል እጽፈዋለሁ። «ኽ» ያልኩት ከጉሮሮ የሚፋቀውን ድምፅ ነው፤ ትግርኛ የሚችል ሰው አይቸገርበትም። «ሃውስ» (ቤት) በሚለው ውስጥ ያለውን አናባቢ በትክክል የሚይዝ ፊደል የለንም፤ «አው» ያልኩት ለመቀራረብ ያህል ነው። የላቲን ፊደላትን ደግሞ በሆላንድኛ ስማቸው እጠራለሁ፤ «አ፣ ቤ፣ ሴ፣ ዴ፣ ኤ» እያልኩ። ስምዎን በስልክ ሲያስመዘግቡም የሚጠየቁት እንዲሁ ነው።

ደረጃ 1፤ ከጅራቱ ይጀምሩ

የጥምር ቃል ጌታ መጨረሻው ላይ ነው። ከፊቱ የተደረደረው ሁሉ ያን የመጨረሻውን ቃል ይገልጻል። «ሁርቱስላኽ» ውስጥ የመጨረሻው «ቱስላኽ» ነው፤ ድጎማ ወይም ተጨማሪ ክፍያ ማለት ነው። «ሁር» ኪራይ ነው። ስለዚህ ነገሩ የኪራይ ድጎማ እንጂ የድጎማ ኪራይ አይደለም። «ኪንደርኦፕቫንግቱስላኽ» ያው «ቱስላኽ» ነው፤ ከፊቱ «ኪንደር» (ልጆች) እና «ኦፕቫንግ» (ማቆያ) ተቀምጠዋል። «ዞርኽቱስላኽ» ሲመጣ ጅራቱ እንደገና ያው ነው፤ «ዞርኽ» (ጤና እንክብካቤ) ብቻ ተለውጧል። አንድ ጅራት አጥንቶ ብዙ ቃል ማትረፍ ይቻላል ማለት ነው።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዳ አይደለም። «ትምህርት ቤት» ስንል ቤቱ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሆላንድኛም እንዲሁ ይሄዳል። ተጠንቀቁ የሚያሰኘው ከግእዝ የወረስነው ሌላው አሰካክ ነው። «ቤተ መጻሕፍት»፣ «ሊቀ መንበር» ስንል ጌታው ፊት ይቀመጣል። ሆላንድኛን በዚህ ዓይን ያነበበ ሰው «ዋተርኽላስ»ን (የውኃ ብርጭቆ) የብርጭቆ ውኃ ያደርገዋል።

ጅራቱን ማወቅ ሌላ ትርፍም አለው። ከስም ፊት የሚቆመው መስተአምር (እንደ እንግሊዝኛው «ዘ») «ደ» ይሁን «ሄት» የሚወስነው ይኸው የመጨረሻው ቃል ነው። ቤት «ሄት ሃውስ» ስለሆነ ሆስፒታልም «ሄት ዚከንሃውስ» ነው። ማረጋገጫ «ሄት በዌይስ» ስለሆነ መንጃ ፈቃድም «ሄት ሬይበዌይስ» ይሆናል። የብዙ ቁጥሩ ቅጥያም የሚገባው ጅራቱ ላይ ነው። ቃሉ ምንም ያህል ቢረዝም ሰዋስዉ ከጅራቱ ቃል ሰዋስው አይበልጥም።

ደረጃ 2፤ ስፌቱን የሚያሳዩ ምልክቶችን ይፈልጉ

ጅራቱን ለይተው ካወጡ በኋላ ከቀኝ ወደ ግራ ይሂዱ። ዓይን የሚጥሉባቸው ቦታዎች አሉ። ረቂቅ ስም የሚሠሩ ባዕድ መድረሻዎች ዋነኞቹ ናቸው፤ «-ሄይት»፣ «-ኢንግ»፣ «-ቴይት» እና «-ስኻፕ»። እነዚህ በቃሉ መሃል ከተገኙ እዚያ አንድ ቁራጭ አልቋል ማለት ነው። ከኋላቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዲት «ኤስ» ትከተላለች። «-ሄይትስ-»፣ «-ኢንግስ-» ሲያዩ ቢላዋዎን ከ«ኤስ» በኋላ ያስገቡ።

በመግቢያው ላይ ያስቀመጥነውን ቃል እንሞክረው። ጅራቱ «ቨርዜከሪንግ»፣ መድን ነው። ከእርሱ በፊት «…ሄይትስ» አለ፤ ስፌት። ወደ ግራ «ኦንኸስኺክትሄይት» ይቀራል፤ ከእርሱም በፊት «አርቤይትስ» አለ፤ «አርቤይት» (ሥራ) ከማያያዣ «ኤስ» ጋር።

አርቤይትስ - ኦንኸስኺክትሄይትስ - ቨርዜከሪንግ

ሥራ፣ ብቁ አለመሆን፣ መድን። በሕመም ወይም በጉዳት መሥራት ሲያቅትዎ ገቢዎን የሚተካ መድን ነው። በድምፅ ብንቆርጠው አሥር ክፍለ ቃል ይወጣዋል፤ በትርጉም ግን ሦስት ቁራጭ ብቻ ነው። ሦስት ነገር ማን ይከብደዋል?

ደረጃ 3፤ ሙጫውን ከቃሉ ይለዩ

ቁራጮቹን የሚያያይዘው ድምፅ በራሱ ትርጉም የለውም፤ ሙጫ ነው። አራት ዓይነት ነው የሚያጋጥመው።

«ኤስ»፤ ከላይ አይተናታል። ሁልጊዜ የግራው ቁራጭ ናት።

«ኤን»፤ «ዚከን-ሃውስ»። «ዚከ» ሕመምተኛ ነው፤ የሕመምተኞች ቤት።

«ኤር»፤ «ኪንደር-ኦፕቫንግ»፣ «ኤየር-ዶፕ» (የእንቁላል ማስቀመጫ ጽዋ)። የሚገኘው በጥቂት ቃላት ብቻ ስለሆነ አያስጨንቅም።

«ኤ» ብቻዋን፤ «ዞነ-ብሪል»፣ የፀሐይ መነጽር።

ከሦስተኛው በስተቀር ሁሉም የሚያወዛግቡ ናቸው፤ የአገሬውን ሰው ጭምር። «ፓነንኩክ» (ፓንኬክ) እ.ኤ.አ. በ1995 በጸደቀው የፊደል ማሻሻያ በመካከሉ «ኤን» ተጨመረለት፤ ቀደም ሲል ያለ «ኤን» ነበር የሚጻፈው። ብዙ ሰው ሲናገር ያችን «ኤን» አያሰማትም። ስለዚህ በጆሮዎ የሰሙትን ቃል በወረቀት ላይ አንዲት ፊደል ጨምሮ ቢያገኙት ወይም በአሮጌ መጽሐፍ ጎድሎ ቢያገኙት ቃሉ ያው ነው።

«ኤስ»ም የራሷ ተንኮል አላት። ቀጣዩ ቁራጭ ራሱ በ«ኤስ» ሲጀምር ሁለት «ኤስ» ይጻፋል፤ የሚሰማው ግን አንዱ ነው። የባቡር ጣቢያ መንገድ፣ «ስታሽዮንስ-ስትራት»፣ እንዲህ ነው። ማያያዣዋ መኖሯን የሚያረጋግጡት በሌላ ወንድሙ ነው፤ የጣቢያው አደባባይ «ስታሽዮንስ-ፕሌይን» ስለሚባልና እዚያ «ኤስ» ስለምትሰማ፣ በመንገዱም ላይ አለች።

ደረጃ 4፤ ቁራጩን ራሱን ይክፈቱ፤ ሲያውቁት ግን ያቁሙ

ከተለዩት ቁራጮች አንዱ አሁንም እንግዳ ከሆነ መነሻውንና መድረሻውን ያውጡ። ከመነሻዎቹ ቶሎ የሚለመዱት «በ-»፣ «ኸ-»፣ «ቨር-»፣ «ኦንት-»፣ «ሄር-» እና አፍራሹ «ኦን-» ናቸው። ከመድረሻዎቹ ደግሞ «-ሎስ» (የሌለው)፣ «-ባር» (የሚቻል)፣ «-ለክ» እና ማሳነሻው «-ቸ»። ሥራ አጥ «ወርክሎስ» ነው። «-ሄይት» ሲጨመርበት ሥራ አጥነት ይሆናል፤ «አውትኬሪንግ» (ከመንግሥት የሚከፈል ድጋፍ) ሲቀጠልበት ደግሞ «ወርክሎስሄይትስአውትኬሪንግ»፣ ማለትም የሥራ አጥነት ክፍያ።

«ቨርዜከሪንግ»ን እንክፈተው። መሃሉ ላይ «ዜከር» አለ፤ እርግጠኛ ማለት ነው። «ቨር-» ግስ ያደርገዋል፤ ማረጋገጥ፣ ዋስትና መስጠት። «-ኢንግ» እንደገና ስም ያደርገዋል። ቁርጡ እንግዲህ «ቨር-ዜከር-ኢንግ» ነው። በመስመር መጨረሻ ላይ ቃሉ ሲከፈል ግን እንዲህ አያገኙትም፤ የሚጻፈው «ቨር-ዜ-ከ-ሪንግ» ተብሎ ነው። «ኤር» የምትባለዋ ፊደል ከ«ዜከር» ተነጥላ ወደ ቀጣዩ ክፍለ ቃል ገብታለች። ከላይ ሁለት ዓይነት መቁረጥ አለ ያልኩት ይህንን ነው። በድምፅ የቆረጠ ሰው ከእጁ የሚገባው «ሪንግ» ነው፤ መዝገበ ቃላት ቢያይ ቀለበት ይለዋል፤ ከመድን ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

መክፈት መልካም ነው፣ መጠን ግን አለው። «ቱስላኽ»ን ብትሰነጥቁት «ስላኽ» ይወጣል፤ ምት ወይም ጥፊ ነው። ድጎማውን ለመረዳት ይህ አይጠቅምም። የግብር ውሳኔው «በላስቲንግአንስላኽ» ይባላል፤ «አንስላኽ» ብቻውን ጥቃት ወይም የግድያ ሙከራም ማለት ነው። ግብር ከፋዩ ሁለቱን ባያምታታ ይሻላል፣ ስሜቱ ቢቀራረብም። አንድን ቁራጭ ካወቁት ወይም መዝገበ ቃላት ውስጥ በሙሉ ካገኙት ቢላዋውን ያስቀምጡ።

መነሻ የሚመስል ሁሉ መነሻ አይደለም። የሚለየው አጽንዖቱ ነው። እውነተኛ «በ-»፣ «ኸ-» እና «ቨር-» አይጎሉም፤ በፊደል ገበታችን የመጀመሪያው ረድፍ (ግእዝ) ድምፅ ለዘብ ብለው ያልፋሉ። በአንድ ዓይነት ፊደል የሚጻፉ ሁለት ግሶች አሉ፤ «በዴለን» ሲባል ማደል ነው፣ «ቤደለን» ሲባል ደግሞ መለመን። በላቲኑ አይለዩም። እኛ ፊደል ላይ ግን ልዩነቱ ወዲያው ይታያል፤ ማስታወሻ ደብተር ላይ አጠራሩን በፊደላችን መጻፍ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

ደብዳቤዎች ላይ የሚበዛ ሌላ ነገር ልጨምር። «አንቭራኸን» ማመልከት ነው። «አን» ተነጣይ መነሻ ስለሆነ ድርጊቱ ያለፈ ሲሆን «ኸ» በመካከሉ ትሰካለች፤ «አን-ኸ-ቭራኽት»። መዝገበ ቃላት ውስጥ ለመፈለግ «ኸ»ን ያውጡና ግሱን ወደ መነሻው ይመልሱ። ማመልከቻ ቅጹም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ «አንቭራኽ-ፎርሙሊር»።

ደረጃ 5፤ አሁን በድምፅ ይቁረጡ

ትርጉሙ ከተያዘ በኋላ ማንበብና መጻፍ ይመጣል። ደንቡ አጭር ነው። በሁለት አናባቢዎች መካከል አንድ ተነባቢ ካለ ወደ ቀጣዩ ክፍለ ቃል ይሄዳል፤ «ሌ-ዘን» (ማንበብ)። ሁለት ተነባቢ ካለ እኩል ይካፈሉታል፤ «ላም-ፐን» (መብራቶች)። ጥምር ቃል ከሆነ ግን ከመገጣጠሚያው ይቆረጣል፤ «ሃውስ-አርትስ» (የቤተሰብ ሐኪም) እንጂ «ሃው-ሳርትስ» ተብሎ አይጻፍም። «ሴ» እና «ሃ» ተጣምረው «ኽ» የሚሆኑት፣ እንዲሁም «ኢ» እና «ዬ» ተጣምረው «ኤይ» የሚሆኑት አይለያዩም። ብቻዋን የቆመች አንዲት ፊደል በመስመር መጨረሻም ሆነ መጀመሪያ አትተውም።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? ለአናባቢው ርዝመት። ክፍለ ቃሉ በአናባቢ ካለቀ ክፍት ነው፤ አንዲት አናባቢ ብቻዋን ረጅም ትሆናለች። በተነባቢ ከተዘጋ ግን አጭር ናት፤ ረጅም እንድትሆን ከተፈለገ ሁለት ጊዜ ትጻፋለች። ዛፍ «ቦም» ነው፣ በረጅም «ኦ»፤ በሁለት «ኦ» ይጻፋል። ብዙ ሲሆን ክፍለ ቃሉ ስለሚከፈት («ቦ-መን») አንዷ «ኦ» ትወድቃለች። ቦምብም «ቦም» ነው፣ በአጭር «ኦ»። ብዙ ሲሆን «ኦ»ዋ አጭር ሆና እንድትቀር በር ይዘጋባታል፤ «ኤም» ሁለት ጊዜ ትጻፋለች፤ «ቦም-መን»። አንዷን «ኤም» የዘነጋ ጸሐፊ ቦምቦቹን ዛፎች አደረጋቸው።

የእኛ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በአማርኛ ማጥበቅ ትርጉም ይለያል፤ «አለ» ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ደግሞ ይገኛል ማለት ነው፤ ፊደላችን ግን ልዩነቱን አይጽፈውም። ሆላንድኛ ተቃራኒው ነው። ድርብ ተነባቢ ይጽፋል፣ ማጥበቅ ግን የለውም። ሁለቱ «ኤም» የሚነግሩን ከፊታቸው ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ ድርብ ፊደል ሲያዩ አያጥብቁ፤ አናባቢውን ያሳጥሩ። «ቨርኹኒንግ» (ፈቃድ) በሁለት «ኤን» ይጻፋል፣ ሲነበብ ግን «ኒ» ላልታ ነው።

ሁለተኛው የእኛ ልማድ ተነባቢዎች ሲደራረቡ በመካከላቸው «እ» ማስገባት፣ ወይም ከፊታቸው «እ» ማስቀደም ነው። «ስትራት»ን «እስቲራት» ማለት። ሆላንድኛ በዚህ አይራራም። የፍርሃት ጩኸት «አንግስት-ስኽሬው» ይባላል፤ በላቲኑ ስምንት ተነባቢ ሳይቋረጥ ይደረደርበታል። መውጫው አሁንም መገጣጠሚያው ነው። «አንግስት» ብለው ትንሽ ይቁሙ፣ ከዚያ «ስኽሬው»። በስፌቱ ላይ ትንፋሽ መውሰድ አያሳፍርም፤ ቃሉ መሃል ላይ «እ» ማስገባት ግን ሰሚን ያደናግራል።

አጽንዖቱን በሚመለከት፣ በአብዛኛው ጥምር ቃል የሚጎላው የመጀመሪያው ቁራጭ ነው፤ «ዚከንሃውስ» ሲባል «ዚ» ላይ። የከተማ አስተዳደር ሕንፃ፣ «ስታትሃውስ»፣ ከዚህ ያፈነግጣል፤ የሚጎላው «ሃውስ» ነው።

ደረጃ 6፤ ጭረትና ነጥብን ያክብሩ

በመስመር መጨረሻ ላይ ያለ ጭረት ቃሉ እንደሚቀጥል ብቻ ይናገራል፤ ሁለቱን ቁራጮች መልሰው ገጥመው ያንብቡ። በመስመር መሃል ያለ ጭረት ግን ሌላ ነው። «ዞርኽ- ኤን ሁርቱስላኽ» የሚል ካዩ ጭረቱ የተቀነሰ ጅራት ምልክት ነው፤ «ዞርኽቱስላኽ እና ሁርቱስላኽ» ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው አንድ ድጎማ ብቻ የተጠቀሰ ይመስለዋል።

ሁለት አናባቢዎች በመገጣጠሚያ ላይ ሲጋጩም ጭረት ይገባል፤ የመኪና አደጋ «አውቶ-ኦንኸሉክ» እንዲህ ይጻፋል። አናባቢ ላይ የሚደረደሩ ሁለት ነጥቦች ደግሞ አዲስ ክፍለ ቃል እዚህ ይጀምራል ይላሉ። ባሕሮች «ዜ-ኤን» ሦስት «ኤ» በተከታታይ ያሉት ሲሆን በሦስተኛዋ ላይ ነጥቦቹ ይቀመጣሉ። ቃሉ እዚያው ላይ በመስመር መጨረሻ ቢቆረጥ ግን ነጥቦቹ ይጠፋሉ፤ ሥራቸውን ጭረቱ ሠርቶታልና።

በእኛ በኩል ሲጻፍ የሚመጣው ስሕተት ተቃራኒው ነው፤ በጥምር ቃል መካከል ክፍት ቦታ መተው። ኢትዮጵያ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን «ላንገአፍስታንትስሎፕስተር» ናት፤ የረጅም ርቀት ሯጭ። «-ስተር» ሴት መሆኗን ይናገራል። «ላንገ» ተነጥሎ ከተጻፈ ግን ረጅሙ ርቀቱ መሆኑ ይቀርና ሯጯ ቁመተ ረጅም ትሆናለች። «ትምህርት ቤት»ን ለያይቶ የለመደ እጅ እዚህ ላይ መገሠጽ አለበት።

ደረጃ 7፤ ሁለት መገጣጠሚያ ሲታይ

አንዳንድ ቃል በሁለት ቦታ ይቆረጣል። «ኬርስቶማቸስ» በታኅሣሥ ወር ሱቅ ውስጥ ያየ ሆላንዳዊ ራሱ ፈገግ ይላል። «ኬርስ-ቶማቸስ» ብለው ከቆረጡት እንደ ቼሪ ትንንሽ የሆኑ ቲማቲሞች ናቸው፤ «ኬርስት-ኦማቸስ» ካሉት ደግሞ የገና አያቶች፣ ያውም ሴት አያቶች። «ቦምሜልዲንግ» የቦምብ ጥቆማ ነው («ቦም-ሜልዲንግ»)፤ ከሁለተኛዋ «ኤም» በኋላ ቆይቶ የቆረጠ ሰው «ቦመል-ዲንግ» የሚል ትርጉም የለሽ ዕቃ ያገኛል። «ዲፕሎማቸ» ደግሞ ትንሽ ዲፕሎማም ትንሽ ዲፕሎማትም ሊሆን ይችላል፤ በመስመር መጨረሻ ሲከፈል የሚጻፍበት መንገድ ግን ይለያያል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለቱንም ቁርጥ ይሞክሩና ሁለቱም በኩል ሙሉ ቃል የሆነውን ይውሰዱ። ሁለቱም ሙሉ ከሆኑ ዐረፍተ ነገሩ ይፈርዳል። ሰላጣ ውስጥ አያቶች አይገቡም።

ደረጃ 8፤ ቁጥሮች

ውል ላይ ገንዘብ በፊደል ሲጻፍ ቁጥሩም ይያያዛል፤ ያውም አንድ ቤቱ ከዐሥር ቤቱ ይቀድማል። «ቬይፍኤንትዊንተኽ» አምስት እና ሃያ፣ 25 ነው። «ድሪሆንደርትቬይፍኤንታኽተኽ» ሦስት መቶ፣ አምስት እና ሰማንያ፣ 385። «ሆንደርት»ን ካገኙ እዚያ ላይ ይቁረጡ፤ ከዚያ በኋላ «ኤን»ን ይፈልጉና ሁለቱን ወገኖች ያቀያይሯቸው። «ዳውዘንት» (ሺህ) ከደረሱ ከኋላው ክፍት ቦታ አለ፤ ትንሽ ያርፋሉ። ቁጥሩን በስልክ ሲነግሩዎት ግን የሰሙትን ቶሎ አይጻፉ። «ቬይፍ» ሲባል 5ን ጽፎ የቀደመ እጅ 25ን 52 ያደርጋታል።

ደረጃ 9፤ መዝገበ ቃላት እንዴት ይጠየቃል

ጥምር ቃል በየቀኑ ስለሚፈጠር ሁሉም መዝገበ ቃላት ውስጥ አይገባም። ሙሉውን ጽፈው መልስ ካላገኙ ቃሉ የለም ማለት አይደለም። ጅራቱን ይፈልጉ፣ ቀጥሎ ከፊቱ ያለውን፣ ማያያዣ «ኤስ»ን ቆርጠው ጥለው። መጨረሻው «ኤፍ» ወይም «ኤስ» የሆነ ቁራጭ ግሱ ላይ «ቬ» ወይም «ዜት» ሆኖ ሊገኝ ይችላል። «ቨርብሌይፍ» (ቆይታ) ከ«ብሌይቨን» (መቆየት) የመጣ ነው፤ ለዚህ ነው የመኖሪያ ፈቃድ «ቨርብሌይፍስ-ቨርኹኒንግ» የሚባለው። ይፋዊውን አጻጻፍ የሚወስነው ኔዘርላንድስና ቤልጅየም እ.ኤ.አ. በ1980 ያቋቋሙት የቋንቋ ኅብረት፣ ታልኡኒ፣ ነው፤ የቃላት ዝርዝሩም በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የአዲስ መጤዎች ውሕደት ሕግ የሚጠይቀው የቋንቋ ደረጃ ለብዙዎች ቤ1 (መካከለኛ ደረጃ) ነው። በዚያ ደረጃ የሚመጡ የንባብ ጽሑፎች እንዲህ ያሉ ቃላትን አይሸሹም። የፈተናው ስም ራሱ «ኢንቡርኸሪንግስ-ኤክሳመን» ነውና።

ለእጅ ማፍታቻ

ከታች ያሉትን መልሱን ሳያዩ ይቁረጧቸው፤ ከጅራት ጀምረው፣ «ደ» ወይም «ሄት» ብለው።

ቨርኬርስኦንኸቫል። ሁርኦቨርኤንኮምስት። ስኹልትሁልፕቨርሌኒንግ። ኸቦርተአክተ። ወርክኼቨርስቨርክላሪንግ። ዚክተኮስተንቨርዜከሪንግስማትስኻፔይ።

የመጀመሪያው «ቨርኬርስ-ኦንኸቫል» ነው፤ የትራፊክ አደጋ፣ «ሄት»። ቀጥሎ «ሁር-ኦቨርኤንኮምስት»፣ የኪራይ ውል፣ «ደ»። ሦስተኛው «ስኹልት-ሁልፕ-ቨርሌኒንግ»፤ ዕዳ፣ ርዳታ፣ መስጠት፤ ዕዳ ለከበደው ሰው የሚሰጥ ድጋፍ፣ በ«-ኢንግ» ስላለቀ «ደ»። «ኸቦርተ-አክተ» የልደት ማስረጃ ነው፣ «ደ»፤ በሁለቱ መካከል ሙጫ የለም። «ወርክኼቨርስ-ቨርክላሪንግ» ቀጣሪ የሚጽፈው ማረጋገጫ ነው፤ «ወርክኼቨር» ሥራ ሰጪ፣ ከዚያ ማያያዣ «ኤስ»። የመጨረሻው 36 ፊደላት አሉት፤ «ዚክተ-ኮስተን-ቨርዜከሪንግስ-ማትስኻፔይ»፤ የሕመም ወጪ መድን ኩባንያ፣ «ደ»።

ይህ ላልበቃው ሆላንዳውያን ለመገረም ያህል የሚጠሩት ባለ 49 ፊደል ቃል አለ፤ «ኪንደርካርናቫልስኦፕቶኽትቮርበሬይዲንግስወርክዛምሄደን»። ጅራቱ «ወርክዛምሄደን»፣ ሥራዎች፣ ብዙ ቁጥር ስለሆነ «ደ»። የቀሩትን አራቱን ቁራጮች አሁን ራስዎ ያገኟቸዋል፤ ልጆች፣ ካርኒቫል፣ ሰልፍ እና ዝግጅት ናቸው።